ነጩ ጫማዬና የኦይሊ እግር

ለምሳሳልሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ልጆቹ ይጠይቁሻል ወይስ ዛሬም ስልክ ብቻ ነው? እኛ ዘንድ የሰሜኑ በጋ ነውና ፀሐይዋ ሌሊትም አልጠልቅም ብላ እንቅልፍ ነሳችን እንጂ፣ ተመስገን፣ አለን።

ላንቺ ብቻ የምነግርሽ አንዲት ኀፍረት አለችኝ። ማክሰኞ ዕለት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ያን ነጩን የዳንስ ጫማዬን በተረፈኝ እግሬ አጥልቄ፣ በራዲዮ ታንጎ እየሰማሁ ስወዛወዝ አስታማሚዬ ማይሬ ከች አለች። «ወዴት ነው እንዲህ ተሽቀርቅረው?» ብላ ሳቀችብኝ። «ሌላውን እግሬን ፍለጋ» አልኳት። ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ስኳሩ እግሬን ካስቆረጠኝ ወዲህ ቀልዴ እንዲህ ጠቁሯል፤ ቻይኝ።

ጫማውን ያወጣሁት ወድጄ እንዳይመስልሽ። ታይስቶ ነው። ባሌን ታውቂው የለ፣ ስለ ሴት ልብስ ተናግሮ አያውቅም። እሁድ ከሳውና ወጥቶ ፀጉሩን እያደረቀ፣ «ያ ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ ምን ይሠራል? ከእንግዲህ ላንቺ አይሆንሽም። ለኦይሊ ስጫት፤ ሠላሳ ስምንት ልኳ ነው» አለኝ። ኦይሊ ከታችኛው ፎቅ ያለችው፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት። እህቴ፣ ይህ ሰው እኮ የኔን የጫማ ቁጥር ጫማው ላይ ካላነበበ ዛሬም አያውቅም። የገዛልኝ ሁሉ ወይ ይሰፋኛል ወይ ይጠበኛል።

ማይሬን አውጣጣኋት፤ ሐይቁ ዳር ካለው የዳንስ አዳራሽ እሷም አትጠፋም። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ወንዱ አንዷን ለዳንስ ያስነሣል፣ ሁለት ዘፈን ደንሶ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ሦስተኛ ከደገመ አገር ያወራል። ማይሬ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦይሊን አይመልሳትም» አለችኝ። ታይስቶ ለኔ ዓሣ ላጠምድ ነው ብሎኝ ነበር የሚወጣው።

ትናንት ኦይሊን ራሴ ጠርቼ ጫማውን ሰጠኋት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ለማስታወሻ ይቀመጥልሽ እንጂ» ብትለኝ፣ «እኔ ማስታወስ አላቃተኝም፤ ለኪው» አልኳት። ለካችው። ለሷ የተሰፋ ይመስላል። ጫማውን እንኳ ሳታወልቅ ደረጃውን ወረደች።

በመጪው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሴቶች ወንዶችን የሚያስነሡበት ሰዓት አለ። በዚያ ሰዓት የተጠየቀ ወንድ እምቢ ቢል ነውር ነው። ማይሬ ዊልቸሬን ልትገፋልኝ ቃል ገብታልኛለች። ሰው ሁሉ እያየ ታይስቶን አስነሣዋለሁ። ይነሣ፣ አይነሣ፣ እሁድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ሳልደብቅ እጽፍልሻለሁ።

እስከዚያው ጤናውን አይንሳሽ፤ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። ደግሞ ኩሽናሽ አጠገብ ያለችው ክፍል አሁንም ባዶ ናት? ዊልቸሬን ያሳልፍ እንደሆነ የበሯን ስፋት ለክተሽ ላኪልኝ።

ታናሽሽ