በአባቴ ማሳ ላይ አይቸዋለሁ ያልሁት መድኃኒት

ረቡዕ፣ ነሐሴ 20

«ሩዙ ቢጫ ሆነ» አሉኝ አባቴ በስልክ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። የሬዲዮ ጣቢያችን ስቱዲዮ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ፕሮግራሜ ሊጀምር ትንሽ ቀርቶታል።

«ምን ረጩበት?» አልኋቸው።

«አንቺ ያልሽውን።»

ገብቼ ሥራዬን ሠራሁ። የገበሬዎች ሰዓት ነው፤ የአየር ጠባይ፣ የገበያ ወሬ፣ የአድማጭ ሰላምታ፣ ዘፈን፣ ማስታወቂያ። ማስታወቂያውንም አነበብሁት። ከሰኔ ጀምሮ የማነበው የአረም መድኃኒት ነው። ወረቀቱ «ለማንኛውም ማሳ ይሆናል» ይላል። ከሥሩ ግን ወረቀቱ ላይ የሌለች አንዲት ዐረፍተ ነገር እጨምራለሁ፤ «እኔም በአባቴ ማሳ ላይ አይቸዋለሁ» እላለሁ። ወዝ እንዲኖረው ብየ ነው። አላየሁም። ጠርሙሱን በእጄ ይዠው አላውቅም።

ዛሬም አልዘለልኋትም። አፌ ለምዷታል።

ከዚያ ምሳ በላሁ። ልብስ አጠብሁ። ምንም አልተሰማኝም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 21

ጣቢያው ካለበት ከወረታ እስከ መገንጠያው በባጃጅ ሄድሁ። ከዚያ ወዲያ ጭቃው አያስገባም፤ ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ገባሁ።

ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው። የእኛ ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር፣ መሬትና አጠገቡ ያለው የእትየ ጥሩ ማሳ ብቻ ገለባ መስሏል። እትየ ጥሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ መሬታቸውን በሰው እያሳረሱ ብቻቸውን ይኖራሉ።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቀድሞኝ ደርሶ ከአባቴ ጋር ቆሟል። ወጣት ነው፣ ቦቲው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። የአንዱን ሩዝ የመሐል ቅጠል ሳብ ሲያደርገው ያለ ምንም ግብግብ ተንሸራቶ እጁ ላይ ቀረ። ከሥሩ በስብሷል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ አነበበልን።

«ይኸ ለባቄላና ለሽምብራ ማሳ ነው። ሣር ይገድላል። ሩዝ ደግሞ ራሱ የሣር ወገን ነው።»

«አይድንም?» አልሁት።

«የተረጨው አይድንም።»

በታች በኩል አንዲት ጥግ ብቻ ተርፋለች። አባቴ እዚያ ሳይደርሱ መድኃኒቱ አልቆባቸው ነው።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አረም በእጃቸው የነቀሉ ሰው ናቸው። በሰው ወሬ ዘር እንኳ አይቀይሩም። ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እንደገዙት ጠየቅኋቸው።

«በሬዲዮ ‹በአባቴ ማሳ አይቸዋለሁ› አልሽ። አገሩ ሁሉ ሰማ። ‹እውነት እርስዎ ማሳ ላይ ነው ወይ?› ይሉኛል። የለም ብል አንቺ ውሸታም ልትሆኚ ነው። ሂጀ ገዛሁት።» ከዚያ «ስረጨው እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ቃሏ እውነት ሆነ ብየ» አሉ።

እትየ ጥሩ ደግሞ አባቴ ሲረጩ አይተው ገዙ።

ማልቀስ ነበረብኝ። እግሬን ታጠብሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 22

ለጣቢያው ኃላፊ ነገርሁት። ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሳም።

«ሰው ማስታወቂያ ሰምቶ አይገዛም» አለኝ። «ጎረቤቱን አይቶ ነው የሚገዛ። እኛ የተሰጠንን ነው ያነበብን።»

እኔም እንዲህ እል ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ስል ኖሬያለሁ። ማን ይሰማል ብየ እኮ ነው እንደ ልቤ የምናገረው።

ከዚያ ገበያ አጠገብ ካለው የእርሻ መድኃኒት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ መልኬን አያውቅም። ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ በረድፍ ቆሟል። ገበሬው ይኸን በስሙ ነው ወይ የሚጠራው አልሁት።

«ስሙንማ የት ያውቁታል? ‹ያች ልጅ ያለችውን ስጠኝ› ነው የሚሉ» አለኝ። ወዲያው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ «ድምፅሽ ግን…» አለ።

ወጣሁ። ዝናብ ነበር። መጠለል ትዝ ያለኝ ከራስሁ በኋላ ነው።

ማድረግ የምችለው፦
ዝም ማለት።
ማስታወቂያውን አላነብም ብሎ ዝም ማለት።
መናገር።

ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። ጨዋ ይመስላል። ግን የገዙትን አያስቆምም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 23

ተናገርሁ።

ማስታወቂያው ሲደርስ ወረቀቱን ገልብጨ አስቀመጥሁት። «በአባቴ ማሳ ላይ አይቸዋለሁ ያልኋችሁ ውሸት ነበር» አልሁ። «ያን ጊዜ አላየሁም። አሁን ግን አይቸዋለሁ። የእኛም የጎረቤታችንም ሩዝ ተቃጥሏል። ሩዝ ላይ አትርጩት። የገዛችሁም አትክፈቱት።»

ከመስታወቱ ወዲያ ቴክኒሻኑ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ነበር። አልተጫነውም። ስጨርስ ዘፈን ለቀቀ።

ስልክ መጣ። አንዱ ከአንበሳሜ፣ «ሌላ ነጋዴ ስንት ሰጠሽ?» አለኝ። አንዲት ሴት ስለ መድኃኒቱ አንድም ቃል ሳታነሳ ለእህቷ ሰላምታ አስተላለፈች። አንድ ሽማግሌ ግን «ትናንት ገዝቸው ከአልጋዬ ሥር አለ፤ ለነገ አስቤ ነበር» አሉ። ሁለት ጊዜ «አልተከፈተም?» አልኋቸው። አልተከፈተም። አንድ ማሳ ተረፈ። ደስ ሊለኝ ይገባል ብየ አሰብሁ።

ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። «ከእንግዲህ አትምጪ» አለ። አልጮኸም። እኔም አልጮኽሁም። የጆሮ ማዳመጫውን አስረክቤ ወጣሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 24

ተክለ ሃይማኖት ነው። አገር ቤት ሂጀ ከአባቴ ጋር አስቀደስሁ። እትየ ጥሩ አጠገቤ ቆሙ። ከቅዳሴ በኋላ ጤናዬን ጠየቁኝ፣ መክሳቴን አዩ። ስለ ሩዛቸው ምንም አላሉም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴም «ትናንት ሰማሁሽ» ብቻ ነው ያሉት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 25

ስነሳ የምሄድበት ሥራ የለኝም። የአባቴን አሮጌ ሸሚዝ ለብሸ ማሳ ወረድሁ።

የተረፈችውን ጥግ ከእትየ ጥሩ ጋር ሊካፈሏት አባቴ ወስነዋል። ሦስታችን ጎንበስ ብለን አረም ነቀልን። ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ወገቤ እስኪቀር ድረስ ሠራሁ። አረሙና ሩዙ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ሁለት ጊዜ ሩዙን ነቀልሁ። እትየ ጥሩ ከእጄ ተቀብለው መልሰው ተከሉት።

ጥቂት እንደቆየን ቀና አሉ። «ውሃው ሲሸሽ የተቃጠለው ላይ ጓያ እዘራለሁ» አሉኝ። «ለጓያ የትኛው መድኃኒት ይሻላል?»

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ። አልቀለዱም። አባቴም ነቅለው የያዙትን አረም እንደያዙ መልሴን ይጠብቃሉ።

«አላውቅም፣ እትየ ጥሩ» አልሁ። «እኔ ምንም አላውቅም። ባለሙያውን እንጠይቀው፤ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«እሽ» አሉ፣ ተመልሰው ጎንበስ እያሉ። «አንቺ ካልሽ።»

እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ፍርሃት ነው።