መስኮቱ ሥር ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች

ሰኔ 2

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ቦጋለ ይተኛበት በነበረው በኩል ያለው ግድግዳ እርጥብ መሆኑን አውቅ ነበር። ላስቲክ ለጠፍኩበት፤ በላዩ የአበባ ጨርቅ ሰቀልኩ። መስኮቱ እንዲነሳ አልፈለግኩም...

ዛሬ ሌላ ነገር የለም። ሰባተኛ ሰፈር ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ገዛሁ። ደመና ነው።

ማታ እድላዊት ደወለች። የባሌ ልጅ፣ ከመጀመሪያ ሚስቱ። እናቷ በሕይወት የለችም።

«እትዬ፣ እርስዎ ጋ ብታረስ ቅር ይልዎታል?»

ነይ አልኳት። የምትተኛው እዚያው አልጋ ላይ ነው። ሌላ የለኝም።

ሰኔ 5

ድሮ ትንሽ የእንጨት መስኮት ነበር። ሲዘጋ ቤቱ ይጨልማል። ሰፊ፣ ባለ መስታወት የብረት መስኮት ካልገባ ያልኩት እኔ ነኝ። በቀን ለማንበብ። ቦጋለ ጭቃ ቤት አይችለውም አለ። አስገባልኝ ግን።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ውሃ ገባ። «የድሮውን እንመልሰው፣ ታንጉት።» እምቢ አልኩ። ስቱኮ ገዝቼ ከውስጥም ከውጭም ደፈንኩት። ቆሟል አልኩት። አመነኝ።

ቦጋለ ይዞት የሞተው ሳል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ወይስ ከዚያ በፊትም ነበር? ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ። ከምን እንደመጣ አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም?

ሰኔ 9

ጠሀ ጋ ሄድኩ፤ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጠው።

«እትዬ ታንጉት፣ ዛሬ ልቦለድ የለም። መርከብ አለ።»

የእንግሊዝኛ መጽሔት ነው።

«ባሕር የት አይተው ነው የሚያነቡት?»

«አንተስ የት አይተህ ነው የምትሸጠው?»

ሳቀ። ይውሰዱት አለኝ።

በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩ። ሰዎች ቤታቸው አድርገው ውቅያኖስ የሚያቋርጡባቸው ባለ ሸራ ጀልባዎች አሉ። አሮጌዎቹ በመስኮት ያፈስሳሉ። ድሮ መስኮታቸው ትንሽ ነበር፤ በኋላ ሰው ብርሃን ሲፈልግ እየሰፋ መጣ... ውሃው የሚታየው በገባበት አይደለም ይላል። ግድግዳ ለግድግዳ ሄዶ ሌላ ቦታ ይወጣል።

ሰኔ 10

አንዷን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኳት። የመስኮቱ ፍሬም ከታች ቀዳዳ አለው፤ ሾልኮ የገባው ውሃ ተመልሶ ወደ ውጭ እንዲወጣበት። ባለ ጀልባዎቹ ግን የሚያፈስሰው እሱ እየመሰላቸው ይደፍኑታል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይሄዳል።

የኛም በውጭ በኩል ሁለት ነበረው። ደፍኛቸዋለሁ። በጣቴ።

ሰኔ 13

ሁዛይፋ መጣ፤ ምናለሽ ተራ የብረት በርና መስኮት የሚሠራው።

«ሲሊኮን ልሙላበትና ይገላገሉ፣ እትዬ።»

«አይ፣ ክፈትልኝ። ከታች ያሉትን ቀዳዳዎች።»

«ማን ነገረዎት?»

መጽሔቱን አሳየሁት። ፎቶውን ትክ ብሎ አየ።

«ይሄ እኮ ጀልባ ነው። መርካቶን በሙሉ ይዘው ሊንሳፈፉ ነው?»

እየሳቀ ፈለፈለው። ስቱኮው ድንጋይ ሆኗል። ሲለቅ ዝገት የመሰለ ውሃ ወረደ። «ውይ! ይሄ ሁሉ የት ነበር?» አለ። ሳቁን ተወ።

እሱ ሲሄድ ጨርቁንና ላስቲኩን ገነጠልኩ። ግድግዳው ጠቁሯል። የበሰበሰውን ጭቃ ፋቅኩ።

ሰኔ 24

ግድግዳው ደርቆ፣ ተለስኖ አለቀ።

ሰኔ 29

ኃይለኛ ዝናብ። የቆርቆሮው ጩኸት ሲያባራ ግድግዳውን በእጄ ዳበስኩ። ደረቅ። ወጥቼ አየሁ፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ለካ ሁለቱም ይቻል ነበር። መስኮቱም መኖር፣ ግድግዳውም መድረቅ።

ባይቻል ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 4

እድላዊት ገባች። ሆዷ ወርዷል፤ ቀኗ ቀርቧል። አልጋውን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«አባዬ በየት በኩል ነበር የሚተኛው?»

«በግድግዳው በኩል።»

እጇን አስጠጋች። «ደረቅ ነው?» አለች።

«ለምን ይረጥባል?»

«አባዬ ሁሌ እርጥብ ነው ይለኝ ነበር። ጨርቁን ገልጦ አሳይቶኛል። እትዬ እንዳትሰማ፣ መስኮቷን ትወዳለች ይለኛል።»

ምግብ ላቅርብ ብዬ ወጣሁ።

ያውቅ ነበር። አውቆ ነው የተኛበት... እሷ ግን እኔም እንደማውቅ አታውቅም። መስኮቴን የወደድኩ ብቻ ነው የሚመስላት።

ሳትወልድ ማወቅ አለባት። አንብባ እዚህ ልታረስ ካለች አርሳታለሁ። አይሆንም ካለች ሻንጣዋን እሸኛለሁ። አፌ አይችልም፤ ስለዚህ እነዚህን ገጾች ነገ ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ እንድታነባቸው የምሰጠው ለቦጋለ ልጅ ለእድላዊት ነው።