በአባባ ትከሻ ላይ የነበረው እጅ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ፣ ለእትዬ የሺወርቅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን ልጠይቅ። ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ክረምቱስ በደኅና ለቀቃችሁ? የጋሽ ቸርነት ጉልበት ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን ከመሳለም አልከለከላቸውም? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔና ሉላ እዚያው ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ከድሮው ቤታችን ሳንወጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለቴ የሰላምታ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ፣ እኔስ ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል አልዋጥ ብሎኛል።

በየሳምንቱ እየደወልኩልሽ ዛሬ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። «ደመላሽዬ» ስትዪኝ ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ግን አያለቅስም፤ ስለዚህ የዋሸሁሽን በወረቀት ልናዘዝ።

ባለፈው ታኅሣሥ የአባባን አርባ አውጥተን ስመለስ፣ ሳሎን የተሰቀለችውን ፎቶውን ከነመስታወቷ በነጠላሽ ጠቅልለሽ ሰጠሽኝ። መቀሌ ጥሩ ፎቶ ቤት አሳድጌ ለሙት ዓመቱ እንዳመጣት ነበር። ፎቶ ቤት አልወሰድኳትም። በዚያ ሰሞን ፎቶሾፕ የሚባለውን፣ ፎቶ በኮምፒውተር ማስተካከያውን፣ ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየሁ መማር ጀምሬ ነበር። የሉላ ወንድም ሕሉፍ ዩኒቨርሲቲው እንዳ ኢየሱስ ግቢ ስለሚሠራ፣ ቪዲዮዎቹን እዚያ እያወረደ በፍላሽ ያመጣልኛል። አስተማሪው እንግሊዝኛውን እንደ ውዳሴ ማርያም ያንበለብለዋል፤ እኔ አቁሜ፣ መልሼ፣ ደግሞ አቁሜ እከተለዋለሁ። የመሥሪያ ቤታችንን ዘበኛ የአቶ ኣስፋሃን ጠባሳ ከጉርድ ፎቷቸው ላይ ያጠፋሁላቸው ዕለት ቢሮው በሙሉ አደነቀኝ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሙገሳ አይበቃኝም። ከዚያ ወዲያ ፎቶ ቤት ገብቶ ሰው መለመን ውርደት መሰለኝ።

ፎቶዋ መስታወቱ ላይ ተጣብቃ ነበር። ቪዲዮው የተጣበቀ ፎቶ አይጎተትም፣ ከነመስታወቱ ነው የሚነሣው ይላል፤ ያንን ክፍል ወሬ በዝቶበታል ብዬ ዘልዬው ነበር። ከጥግ ይዤ ስስባት ተላጠች፤ አባባ ትከሻ ላይ ነጭ ወረቀት ብቻ ቀረ። ደነገጥኩ፤ መድኃኒቱን አውቃለሁ ብዬ ግን ወዲያው ተጽናናሁ። ስካን አደረግኋትና፣ ከደኅናው ቦታ ቀድቶ በተበላሸው ላይ የሚያትም መሣሪያ አለ፣ በእሱ ኮቱን ከደረቱ እየቀዳሁ ትከሻውን አለበስኩት። ከነጩ ዳር የጣት ጫፍ የሚመስል ነገር ተርፎ ነበር፤ እሱንም ጠረግሁት። ሠላሳ ዓመት ፎቶዋን ሳይ ኖሬ፣ ትከሻው ላይ ያረፈው እጅ የማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት በልጅሽ በኤልሻዳይ ስልክ ስልክልሽ የጠበቅሁት ምርቃት ነበር። አንቺ ግን «አባባስ አምሮበታል፤ የእማዬን እጅ ምን አደረግኸው?» አልሽኝ። አብረው ተነሥተው እንደነበር፣ እሷ ስትሞት አያታችን የእሷን ግማሽ ቆርጠው እንደወሰዱት፣ ቤታቸው ሲቃጠልም አብሮ እንደነደደ የነገርሽኝ ያኔ ነው። እኔ ድክ ድክ ስል ለሞተችው እናታችን የቀራት መልክ ያ እጅ ብቻ ኖሯል። ምላሴን ምን እንደያዘው እንጃ፣ ከቤት ስትመጣ ጀምሮ የግድግዳው እርጥበት በልቷት ነበር አልኩሽ።

ዋሸሁሽ፣ እትዬ። አንቺም አመንሽኝ። ይባስ ብለሽ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከሚያፈስ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳት እኔ ነኝ» ብለሽ ስታለቅሺ፣ እኔ «አይዞሽ» አልኩሽ። ከውሸቱ ይልቅ ያቺ «አይዞሽ» ናት የምታቃጥለኝ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ኤልሻዳይ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ጋሽ ቸርነትን ሚስማሩን አስነቅለሽ ግድግዳውን አስለስነሻል፤ ለንስሐ አባትሽም የእናቴን መልክ አጠፋሁ ብለሽ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ተቀብለሻል። በዚያ ወገብሽ የምትሰግጂው የኔን ኃጢአት ነው።

ሐሙስ ዕለት ለሉላ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ተነሥታ፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ያቆምኩትን መስታወት አወጣችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። «እዚኣ ኢድ ሰበይቲ እያ» አለች፤ ይቺ የሴት እጅ ናት ማለቷ ነው። ከፎቶዋ የተላጠው እዚያው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፦ አራት ጣት፣ አንድ ቀለበት፣ የነጠላ ጥለት ጫፍ። ትንሿ ጣቷ እንዳንቺው ወደ ውስጥ ዘመም ያለች ናት። መስታወቱን እንደያዝኩ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

አላጸዳሁትም፣ ስካንም አላደረግሁትም፤ አቧራውን እንኳ እፍ አላልኩበትም። ለሙት ዓመቱ፣ ፎቶዋንም ከነቁስሏ፣ እኔው ይዤ እመጣለሁ። ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ብበር ይቀለኝ ነበር፤ ግን ፍተሻ ላይ ማንም እንዲያገላብጠው ስላልፈለግሁ በአውቶቡስ፣ ጭኔ ላይ አድርጌው ነው የምመጣው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ደብዳቤውን በደብረ ሲና ሲያልፍ የሚያደርስልሽ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ተወልደብርሃን ነው። ከእኔ ያስቀደምኩት፣ እኔ እስክደርስ ተቆጥተሽ የምትበርጂበት ጊዜ እንዲኖርሽ ብዬ ነው።

እማማ ሰርካዲስን፣ ለአባባ ያነቡትን እንባ እግዜር ይክፈልዎ በይልኝ። ትንሹን እንድርያስን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ኤልሻዳይን ስለ ነገረችኝ አትቆጫት፤ ባትነግረኝ ኖሮ ዛሬም ዝም እል ነበር። ሉላ እጅ ትነሣለች። ለጋሽ ቸርነት ጉልበታቸውን ሳሚና፣ ሚስማሩን ከነበረበት መልሰው እንዲመቱልኝ ለምኚልኝ፤ ግድግዳው ምንም አላጠፋም። ይህን ደብዳቤ ለንስሐ አባትሽ አንብቢላቸው። አንቺ ግን ዛሬውኑ ከስግደቱ ተነሺ፤ የቀረው የኔ ነው።

ወንድምሽ ደመላሽ ገብረጻድቅ
መቀሌ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.