ከጋዜጣው ላይ አብረን የፈታናቸው ቃላት

ለቤቴ ጌታ፣ ለያየህ፤

ከተለያየን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ሰዉ ሁሉ ወደየሥራው ተመልሷል፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ደህና ነኝ፣ እውነቴን ነው። የጓሮው ባሕር ዛፍ ከጣሪያው በላይ አልፏል። ዝናብ የቦረቦረውን የምሥራቁን ግድግዳ የወንድሜ ልጆች ከአዘና መጥተው መረጉልኝ። ልጃችን ስመኝ ደብረ ማርቆስ ገብታ ትማራለች። ስትመጣ አንድ ነገር ስጠይቃት ከመመለሷ በፊት እንዳንተው ቅንድቧን ታነሣለች፤ እኔም ጥያቄዬን እረሳዋለሁ።

መምህር በላይ አልተወኝም። ጓደኛህ እንደ ድሮው ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣውን ይዞልኝ ይመጣል። ጋዜጣው ዛሬም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በኮሶበር በኩል በአውቶቡስ ተንገላቶ፣ ዳንግላ ሲደርስ ወሬው አርጅቶ ነው። አንተ ግን «እንቆቅልሽ አያረጅም» ትል ነበር፤ የፊቱን ገጽ ሳታይ መጨረሻውን ትገልጣለህ። ነጭና ጥቁር ቤቶቹ እዚያ አሉ፤ በየነጩ ቤት አንድ ፊደል፣ አንዱ ቃል አግድም፣ አንዱ ቁልቁል።

ዛሬ የምጽፍልህ ላመሰግንህ ነው። በሕይወት ሳለህ ባል ይመሰገናል ብሎ ያስተማረኝ ስላልነበረ ሳልነግርህ ቀረሁ።

ስንጋባ አማርኛዬ ከገበያ የማያልፍ እንደነበር ታውቃለህ። አዘና በቤታችን የምንነጋገረው በአገውኛ ነበር፤ አማርኛ የምሰማው ጨውና በርበሬ ስገዛ ነው። አንተ ደግሞ የጎጃም ቅኔ ቤት ያሳደገህ፣ በኋላም መምህር ሆነህ ዳንግላ የተመደብክ ሰው። ያ የሰኔ ቀን ትዝ ይልሃል? ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ዘንድ የማኅበሩ ጠላ ደርሶ እንደሆነ ልጠይቅ ሄድኩ። «ገና ነው» አለችኝ። እኔ የማውቀው ገና አንድ ብቻ፣ የጌታ ልደት ነው። በሰኔ ገና? የከተማ ሰው ሁለት ጊዜ ያከብር ይሆናል ብዬ ሮጬ ተመለስኩ። ቤቱን ጠረግሁ፣ ከወንዙ ዳር ቄጠማ አጭጄ ጎዘጎዝኩ፣ የሠርጌን ነጭ ቀሚስ ለብሼ ጠበቅሁህ።

እትዬ ዘውዴ ጠላው መድረሱን ልትነግረኝ ብትመጣ ለብሼ አገኘችኝ። «ምን ተገኘ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። በሳቅ ወደቀች። ማምሻውን መንደሩ ሁሉ ሰማ። አንተ ስትመጣ ጥግ ይዤ አለቅስ ነበር። ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ። አልሳቅህም። ጫማህን አውልቀህ ቄጠማው ላይ ቁጭ አልክና «እንኳን አደረሰሽ፣ እናኑ» አልከኝ። እራታችንን እዚያው ቄጠማው ላይ በላን።

መንደሩ ግን አልማረኝም። ውኃ ስቀዳ «እናኑ፣ ዛሬ ገና ነው?» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አማርኛ ከአፌ ጠፋ። ሰላምታ ሲሰጡኝ ራሴን ብቻ እነቀንቅ ጀመር። አንተ ይህን አይተህ ጋዜጣውን መሬት ላይ ዘረጋህልኝና «ነይ፣ እኔ ልፈልግ፣ አንቺ ፊደሉን በየቤቱ አስገቢ» አልከኝ። ፊደል እንደማላውቅ ታውቅ ነበር። እርሳሱን በእጄ፣ እጄን በእጅህ ይዘህ «ይቺ ‹በ› ናት፣ ይቺ ‹ላ› ናት፤ እያንዳንዷ የራሷ ቤት አላት» እያልክ አስጀመርከኝ። ማንበብን የተማርኩት እንዲህ ነው። ቤት በቤት።

በሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ ወጉ ነውና። ጋዜጣው ላይ ስንጎነበስ ግን «እዚህ አንቱታ የለም፣ ተፎካካሪዬ ነሽ» አልከኝ። አንተ ማለት የለመድኩትም እዚያው ነው።

የእንቆቅልሹን ባሕርይ ስታስረዳኝ ደስታህ ልክ አልነበረውም። «ጥያቄው ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። ሰሙ ሊያሳስትሽ ነው የተቀመጠው፤ ወርቁን ለማግኘት ቃሉን አገላብጪው፣ ሁለት ፍች እንዳለው ጠይቂው» ትል ነበር። ለኔ በአገውኛ አስቤ፣ ወደ አማርኛ መልሼ፣ ከዚያ ደግሞ ወርቁን መፈለግ አስቸጋሪ ነበር፤ ግን ወደድኩት።

አንድ ቀን አንዱ ጥያቄ አሸነፈህ። «ሳይመጣም ስሙ፣ ሲመጣም ስሙ፤ ሁለት ፊደል» ይላል። ዝናብ አልክ፤ ሦስት ፊደል ሆነ። ሞት አልክ፤ ሁለት ፊደል ነው፣ ግን ከቁልቁሉ ቃል ጋር አልገጠመም። እርሳሱን ጥለህ ግድግዳውን ተደገፍክ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

«ገና» አልኩህ።

«አዎ፣ ገና ነው። አልፈታሁትም» አልከኝ።

«አይ፣ ገና!»

«ገና ነው አልኩሽ እኮ፣ እናኑ። ጊዜ ስጭኝ እንጂ!»

ቢላዋውን አስቀምጬ መጣሁና እርሳሱን አንሥቼ ራሴ ጻፍኩት። ‹ገ›ን በአንዱ ቤት፣ ‹ና›ን በሌላው። በዓሉ ሳይመጣ «ገና ነው» ይባላል፤ ሲመጣም «ገና ነው» ይባላል። ትክ ብለህ አየኸውና ከተቀመጥክበት ተነሣህ። ምን እንደምታደርግ ጠፍቶህ ግንባሬን ሳምከኝ። በማግሥቱ እትዬ ዘውዴን፣ መምህር በላይን፣ የደብሩን ቄስ ሳይቀር እያስቆምክ ጥያቄውን ትጠይቃቸው ነበር። ሲያቅታቸው «የፈታችው እናኑ ናት» ትላቸዋለህ። እትዬ ዘውዴ ያን ለት ቤታችን መጥታ «እኔ ዕድሜ ልኬን ስናገራት አንድም ቀን አላየኋት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቃል የሳቀብኝ የለም። አማርኛዬም ወደ አፌ ተመለሰ።

ኋላ ደረትህን ታመምክ። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተመላለስን፤ አልሆነም። ጋዜጣ መያዝ ሲያቅትህ አንባቢዋ እኔ፣ ፈቺው አንተ ሆንን። ያ ወሬው የማያልቅ ጎረቤታችን ሊጠይቅህ መጥቶ ግማሽ ቀን ቆይቶ የሄደ ለት «እንግዳው መጣ፤ ፊቱን ሲያዞር ጣፈጠ፤ ሁለት ፊደል» የሚል ጥያቄ አነበብኩልህ። ሳልጨርስ መሳቅ ጀመርክ። ‹መጣ› ፊቱን ሲያዞር ‹ጣመ› ይሆናል፤ ጣመ ማለት ጣፈጠ ነው። «የሄደውን ሰው ነው የጻፉት!» አልከኝ፤ ሳቅህ ሳል ሆኖ እስኪያስፈራኝ ድረስ። ያን ሳቅህን ሳስታውስ እግዜርን አመሰግናለሁ። ስቀህ ነው የተለየኸኝ።

ከሞትክ በኋላ ጋዜጣው ሳይገለጥ ተከመረ። አንድ ቅዳሜ መምህር በላይ «እሑድ ከሰዓት ለሴቶች ፊደል እናስቆጥራለን። ብዙዎቹ ከገጠር የገቡ ናቸው፤ እኔ አገውኛ አልሰማም፣ እነሱ አማርኛ ይፈራሉ። እባክሽ ነይልን» አለኝ። እኔ ምን አውቄ አልኩት። አልተቀበለኝም።

ሄድኩ፣ ያየህ። ሰሌዳው ላይ ቤቶች ሣልኩ። ጠመኔ የሚይዝ ጠፋ። ያኔ የሰኔውን ገና በአገውኛ ተረኩላቸው፤ ቄጠማውንም፣ ነጩን ቀሚስም። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ግምጃ ቤት ከሚባል አገር የመጣች አንዲት ሴት ተነሥታ እሷም በአማርኛ የተሳሳተችውን ነገረችን፤ ሌላዋም ቀጠለች። ያን ቀን ሁሉም ጠመኔ ያዙ። ዛሬ ገሚሶቹ ወንጌሉን ያነባሉ። ሲያመሰግኑኝ ባሌን አመስግኑ እላቸዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። በቀደም ለስመኝ ጉዳይ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ዘበኛውን «ያቺ ባልቴት ምን ፈልጋ ነው?» ሲለው ሰማሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ቃሉ ግን ልቤን ወጋው፤ ባልቴት ተብዬ አላውቅምና። ቤቴ ገብቼ ጋቢህን ለብሼ ቆዘምኩ። ከዚያ እንደለመድኩት አራት ቤት ሠርቼ ቃሉን በየፊደሉ ጻፍኩትና፣ አንተ እንዳስተማርከኝ ከፋፍዬ አየሁት። ቆይቼም ከሥሩ የራሴን ጥያቄ ጻፍኩ፦ «በስሟ ባል አላት፤ በቤቷ ግን የላትም። አራት ፊደል።»

ለመምህር በላይ ሰጠሁት። አንብቦ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይህን ያየህ ቢሰማ...» ብሎ ሳይጨርሰው ወጣ።

ሌላው ሰው ቢጠይቀኝ አስረዳዋለሁ፤ ላንተ ምኑን ላስረዳ። እስክንገናኝ ድረስ አልረሳህም፣ ያየህ። ከእንግዲህ ባልቴት ብለው ሲጠሩኝ አልከፋም፤ ከቃሉ አስቀድሜ የምሰማው አንተን ነው።

እናኑህ