የአባባ ዱዓ ድምፅ የለውም

ሰኞ

ምስሉ አለ፣ ድምፁ የለም። የታናሽ እህቴ የራህመት ሰርግ ቪዲዮ ነው፤ በፍላሽ የላከችልኝ። አባባ ወንዶቹ ዳስ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እኔ የምሰማው የኮምፒውተሬን ማራገቢያ ብቻ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩ። ማዳመጫ ሰካሁ። አጥፍቼ አበራሁት። ሌላ ቪዲዮ ስከፍት ይጮሃል፤ ስለዚህ ስፒከሩ ጤነኛ ነው። የታመመው ይሄ አንዱ ፋይል ነው።

እማ ከመርሳ ደውላ «ሰማሽው?» አለችኝ። «ገና ነው፤ ቅዳሜ መጥቼ አሰማሻለሁ» አልኳት። ምን አስቸኮለኝ!

ለምን እንደምትፈልገው እዚህ ልጻፈው፣ ለሰው አላወራውም። በሰርጉ ዕለት እኛ ሴቶቹ ሌላ ዳስ ነበርን። ዱዓው ወንዶቹ ዘንድ ነው። ኋላ ላይ ጎረቤቶች ከባሎቻቸው የሰሙትን ይዘው እየመጡ «ባልሽ በሰው ፊት አነሳሽ» አሏት። አንዷ «ዓይኗን አላህ ይመልስላት ብሏል» አለቻት። ሌላዋ ደግሞ «አፉ ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ ብሏል» አለቻት። የእማ ዓይን የጠፋው በእሱ ነው። ሐኪም ዘንድ ውሰዳት ስንለው «መጀመሪያ የማንጎው ምርት ይነሳ» ይል ነበር። ማንጎው ተነሳ፣ ሽንኩርቱ ይነሳ ሆነ። በመጨረሻ ሐኪሙ ያለው «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» ነው። አባባ ስለዚህ ነገር ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እሷም ከሰርጉ በኋላ አፍራ አልጠየቀችውም። ከዚያ ሞተ።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ስወጣ ኮምፒውተሬን ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ፋይሉን ሳያየው «ድራይቨር ነው እህቴ፣ ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ። ወልዲያ ውስጥ ምንም ይበላሽ ምን፣ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ይሁን አልኩ፣ እኔ ሞኟ። ሲመልስልኝ ንጹሕ ነው፣ ባዶ ነው። ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት ፈተና ሁሉ አብሮ ሄዷል።

ቪዲዮውን ከፍላሹ ከፈትኩት። አባባ አሁንም ዝም። ለነገሩ በሕይወቱም እንዲሁ ነበር።

ረቡዕ

መብራት ሄዷል። እንግዲያው ከኮምፒውተር ሰው ይሻላል ብዬ አጎቴ ሁሴን ጋ ደወልኩ። የአባባ ወንድም ነው፤ በቪዲዮው ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል።

«አጎቴ፣ አንቱ አጠገቡ ነበሩ። አባባ ስለ እማ ምን አለ?»

«ልጄ፣ ዱዓ እኮ ነው። አሚን አልን። ማን ይይዘዋል!»

ዳሱ ውስጥ የነበሩትን ሌሎቹንም ጠየቅኩ። ሁሉም አሚን ብለዋል፣ የሰማ የለም። አንዲት ሴት እዚያ ዳስ ውስጥ ብትኖር እስካሁን ቃል በቃል ነግራን ነበር። ተናደድኩ። ራቴንም አልበላሁም።

ሐሙስ

ድምፅ ተገኘ! ኮምፒውተር የሚያስተምረው ባልደረባዬ ደሳለኝ በሻይ ሰዓት አየልኝና ሳቀብኝ። «ፎርማት ምን አስደረገሽ? ኮምፒውተርሽ ምንም አልሆነም። የቪዲዮው ድምፅ የተቀመጠበት ዓይነት ያንቺ ማጫወቻ የማያውቀው ነው። ማጫወቻ መቀየር ነው» አለ። ከራሱ ፍላሽ ላይ ያንን ብርቱካናማ ምልክት ያለውን ማጫወቻ ጫነልኝ። ወዲያው እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ዘፈኑ መምህራን ማረፊያውን ሞላው። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ዱዓው ጋ አሳለፍኩት። መንዙማ! የአባባ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የማላውቀው ሰው በድቤ መንዙማ ይላል። ከዳር እስከ ዳር መለስ ቀለስ ብዬ ፈለግኩ። አንድም ቦታ ሰው ሲናገር አይሰማም። ሙሽራው ሲስቅ ዘፈን፣ እማ ስታለቅስ ዘፈን። ደሳለኝ «ምነው፣ አልሠራም?» አለኝ። ሠርቷል አልኩት።

ዓርብ

ከሰዓት በኋላ መርሳ ወረድኩ። ሲሪንቃ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሲጠብቅ ለቪዲዮ ቀራጩ የምለውን ሁሉ በልቤ ደረደርኩ። አንዱንም አላልኩት።

«ጥሬውን ፋይል አጥፍቼዋለሁ እህቴ» አለኝ። «ሰርግ በሰርግ ላይ ነው፣ ካርዱ ለሌላው ይፈለጋል። ደግሞ ጥሬ ድምፅ ጫጫታ ነው፤ ሁሉም በዘፈን አድርግልኝ ነው የሚለው። ዱዓው ላይ ግን ዘፈን ነውር ነው ብዬ መንዙማ አደረግኩበት። ወላሂ አስቤበት ነው።»

አስቦበት! ይበልጥ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የምሰድበው ሰው እንኳ አጣሁ። ልጁ እውነቱን ነው፤ የሰርግ ቪዲዮ ላይ የሰው ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፣ ማንም ሲጠይቅም አልሰማሁም። ራህመት ራሷ መጀመሪያ ስታየው መንዙማውን ወዳው ነው ያለቀሰችው።

ቤት ገብቼ ለእማ እውነቱን ነገርኳት። «አብሽሪ» አለችኝ፣ እኔን ልታጽናና። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባባን መቃብሩ ድረስ ሄጄ ልጮህበት አማረኝ። ለራህመት ደውዬ ስነግራት፣ የባሏ ወንድም በስልኩ የቀረጸው ነገር አለ አለችኝ፤ ነገ ከባሏ አገር ከግራና ይዛው ትመጣለች። ተስፋ ማድረግ አልፈልግም።

ቅዳሜ

ራህመት ገና በጠዋት መጣች። ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥነው። ከፈትኩት። ነፋስ፣ የልጆች ጫጫታ፣ ቀጥሎ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው። እሱ ነው። እማ ከተጋደመችበት ተነሥታ ሻሿን አስተካከለች፣ ልክ በር ከፍቶ እንደገባ።

ዱዓው ጀመረ። ለዝናቡ፣ «አሚን!» ለሙሽሮቹ፣ «አሚን!» ስልኩን የያዘው የራህመት ባል ወንድም አፉን ማይኩ ላይ ደቅኖ ነው የሚጮኸው። እያንዳንዱን ዱዓ ሳያልቅ ይቀበለዋል። ከዚያ አባባ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«የልጆቼን እናት፣ ጀማዓ ስሙኝ፣ እሷን…»

«አሚን! አሚን! አሚን!»

ድምፁ ሲመለስ አባባ ለአገር ሰላም እየለመነ ነበር።

መለስኩት። ቀንሼ፣ ጨምሬ፣ አዝግሜ፣ በማዳመጫ። የጠፋው ጥቂት ቃል ነው፤ አይገኝም። ራህመት «አፉ ትበለኝ ያለ ይመስለኛል» አለች። እኔ ምንም አልመሰለኝም። ያን አሚን ባይ ልጅ ባገኘው አንቀው ነበር።

«ተይው በቃ» አለች እማ። «እንዲያ ተሽቀዳድመው አሚን ያሉለት ነገር ክፉ አይሆንም።» ቀጥላም «አለም አላለም እኔ አፉ ብየዋለሁ። እናንተም አባታችሁን አፉ በሉት» አለችን።

ራህመት እያለቀሰች «ብየዋለሁ» አለች።

«አንቺስ?» አለችኝ እማ። ፊቷ ወደ እኔ አልዞረም፤ የእሱ ድምፅ ወደመጣበት፣ ወደ ኮምፒውተሩ ነው።

«ብየዋለሁ እማ» አልኳት። ደስ አላት፣ ሻይ አምጡልኝም አለች። ውሸቴን ነው። እኔ ገና አላልኩትም።