ማጭዷና ቅርጫቷ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ጠዋት 1 ሰዓት።

ሱቁን ጠርጌያለሁ። ሰይድ ገና አልመጣም። ብርድ። ጣቴ እስክሪብቶ በደንብ አይዝም።

አንድ ነገር ልነግርሽ ነው መሰለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከፍቼሽ ዘግቼሻለሁ፣ ደብተሬ። ማንን እንደምፈራ አላውቅም፤ ከእኔ በቀር የሚያነብሽ የለም። የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር ነሽ፤ ከኋላሽ ጀምሬ ነው የምጽፍብሽ።

የእትዬ ዘሀራን ልጅ ድምፅ ከስልካቸው አጥፍቻለሁ። ሁሉንም። እሳቸው ገና አያውቁም።

በቃ፣ ተጻፈ። ከዚህ በኋላ እ.ዘ. ነው የምላቸው። ስማቸውን ሙሉ መጻፍ ይከብደኛል።

ሰይድ መጣ።

ያው ቀን። 6 ሰዓት ተኩል።

ሰይድ ለሶላት ወጥቷል። ትንሽ ጊዜ አለኝ።

ሰይድ የእናቴ የአክስት ልጅ ነው። ሞባይል ይጠግናል። እኔ ከሰኔ ጀምሮ ረዳቱ ነኝ። ከዚያ በፊት መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት ብርጭቆ አጥብ ነበር፤ ዓመት ከመንፈቅ። ወደዚህ ስዛወር እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ቴክኖሎጂ ገባች ብላ አወራች፤ ቢሮ የተሰጠኝ ይመስል። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ መሰኪያ እበይዳለሁ፣ የተዘጋ ስልክ እከፍታለሁ። ሰይድ እጅሽ ለብሎን ተፈጥሯል ይለኛል፤ አፍሽ ግን ለደንበኛ አልተፈጠረም። እውነቱን ነው። ሰው ሲገባ አንገቴን እደፋለሁ።

ታዲያ አስተማሪ መሆኔ ለራሴም ይገርመኛል። እዚህ መካነ ሰላም ልጅ አረብ አገር ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። ልጆቹ ቮይስ ይልካሉ። እናቶቹ መክፈት ስለማይችሉ ወደ ሱቅ ያመጡታል። ሰይድ ስፒከር ላይ አድርጎ ይከፍትላቸዋል፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። ሰኔ ላይ፣ እኔ ገና ሥራ እንደጀመርኩ፣ አንዲት ልጅ ቮይሱ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። ሱቁ ሙሉ ነበር። እናትየው ሻርፓቸውን አውልቀው ስልኩ ላይ ጣሉበት፤ ድምፁ የሚታፈን መስሏቸው። አንድ ሰው ሳቀ። እናትየው እ.ዘ. ነበሩ። ልጅቷ ረውዳ ናት፤ ሪያድ ከሄደች ሦስት ዓመቷ።

ሲወጡ ተከተልኳቸው። ሰው ተከትዬ አላውቅም። ራስዎ መክፈት ይችላሉ፣ ለብቻዎ ይሰሙታል፣ ላሳይዎ አልኳቸው።

እሳቸው ተማሩና ሌላ ሴት አመጡ። ያቺ ሌላ። አሁን ስምንት ናቸው፤ ማክሰኞና ሐሙስ 10 ሰዓት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ፣ የባዶ ለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠን። ፊደል አይጠይቅም። ለምልክቶቹ ራሳቸው ስም አወጡላቸው። ቮይስ ለሌላ ሰው የምታስተላልፈዋ የታጠፈች ቀስት ማጭዷ ናት። የምታጠፋዋ ቅርጫቷ። ማጭዷን ንኩ፣ ቅርጫቷን አትንኩ፤ ትምህርቴ ይኸው ነው። አንድ ሕግ አለኝ። ስልካቸውን ከእጃቸው አልቀበልም። ቢዘገዩም፣ ቢሳሳቱም፣ ራሳቸው ይነኩታል።

እዚያ ጓዳ ውስጥ አንገቴን አልደፋም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። 9 ሰዓት።

ደንበኛ የለም። መብራትም የለም። እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29። ገበያ። ሱቁ እስከ በሩ ሰው። እ.ዘ. በወግዲ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል በእግራቸው መጥተው ነበር። ስልኩ እንደወትሮው በመሐረብ ተጠቅልሎ። ሞልቷል ይለኛል አሉ። ረውዳ ከነሐሴ ወዲህ ዝም ብላለች፤ ሲደውሉላትም አታነሳም። እና ምናልባት ልካ፣ ስልኩ ሞልቶባት፣ መግቢያ አጥታ ተመልሳ ቢሆንስ? በር ተዘግቶበት ስለተመለሰ እንግዳ የሚያወሩ ይመስል ነበር።

ተቀምጠን፣ የማይፈለገውን አንድ በአንድ እየመረጥን እንቀንስ ማለት ነበረብኝ። ሰይድ ከኋላዬ ወረፋ አለ አለ። ሁሉም ያዩኛል። ስልኩን ከእጃቸው ተቀበልኩ። መልእክት መላኪያውን አውጥቼ እንደገና ጫንኩት። ቅጂ አልያዝኩም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሥራ ያሳመርኩ መስሎኝ ነበር።

ስመልስላቸው በእጃቸው መዘኑትና ቀለለ ወይ አሉኝ። ቀለለ አልኩ። አላህ ያቅልልሽ ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ድምፆቹም አብረው እንደጠፉ ሱቁን ስንዘጋ ነው የገባኝ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

እ.ዘ. ድምፁን በየቀኑ አይሰሙም። የሚያልቅባቸው ይመስላቸዋል ልበል። ዓርብ ብቻ፣ ከሶላት በኋላ፣ ከበረቱ ጀርባ ብቻቸውን ተቀምጠው አንዱን ይከፍታሉ። አንዱን ብቻ።

ዛሬ ለሰይድ ነገርኩት። ብሎን እያጠበቀ ሰማኝ። ይመለሳል ወይ አልኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ እስኪጠይቁሽ ዝም በይ አለኝ፤ ገበያ ላይ ከተወራ ስልኩን የሚያመጣልን የለም። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ደክሞታል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። 8 ሰዓት።

እ.ዘ. በዚህ ሳምንት ለትምህርት አልመጡም። አሁን ከሶላት ተነስተዋል።

አሁን ወደ በረቱ ጀርባ እየሄዱ ነው።

አሁን መሐረቡን ፈቱ።

አንዲት ብሎን ሁለት ጊዜ ጠፋችብኝ። ሰይድ አየኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። 12 ሰዓት ማታ።

መጡ።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ወረፋቸውን ጠብቀው፣ መደርደሪያው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነገሩኝ።

«ሉባዬ፣ ጉድ ሠርቻለሁ። ማጭዷን እነካለሁ ብዬ ቅርጫቷን ነክቻታለሁ መሰለኝ። አንዱም የለም።»

መቼ ነክተው ነው አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ጠየቅኩ፣ ደብተሬ። እያወቅኩ።

እኔ እንጃ አሉ። በዚህ እጅ ምን ይታወቃል፤ አረም የለመደ እጅ ነው። እጃቸውን ገልብጠው አሳዩኝ፤ የሰው ዕቃ ይመስል ራቅ አድርገው።

«አንቺ ደክመሽ አስተማርሽኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አፉ በይኝ።»

አፉ በይኝ አሉ፤ ይቅር በይኝ። እኔን።

አፌ ተከፈተ። የሰይድ እጅ ሥራውን አቆመ። ሰው ሁሉ የሚሰማ መሰለኝ። ምንም አይደለም አልኩ። ያልኩት እሱን ነው። ምንም አይደለም።

ስልኩን ከእንግዲህ እንደማይነኩት ነገሩኝ። ቤት ትተውት ነው የመጡት፤ ቆጥ ላይ ይቀመጣል፤ ከጠራ ባላቸው ያነሱታል። ባዶ መሐረባቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተው ወጡ።

እግሬ ዝሏል። የቆምኩት ግን እንደሌላው ቀን ነው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። 11 ሰዓት ተኩል።

ከስምንቱ ሦስቱ መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። ዘሀራ እንኳ፣ ከሁላችን ፊት የተማረችው፣ ካጠፋች እኛማ ምን ልንሆን ነው አሉ። አንዷ ስልካቸውን በሻርፕ ጫፍ ነበር የያዙት፣ የጋለ ድስት ይመስል። አንቺው ክፈችልን አሉኝ። ሦስቱም ዘረጉልኝ።

አልቀበልም ማለት አቃተኝ። ከፈትኩላቸው። የአንዷን ልጅ ድምፅ ሌሎቹ ሰሙ። ሰኔ ላይ ወደነበርንበት ተመለስን።

ወደ ቤት ስሄድ የቁርስ ቤቷ ባለቤት ከድጃ ጠራችኝ። የተቀጠረችው ልጅ ጥላት ሄዳለች። ቦታሽ አለ፣ ያን ያህል ከስተሽ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ አለችኝ። ልስቅ ብዬ አልቻልኩም። አስብበታለሁ አልኳት።

አስቤበታለሁም። እዚያ ቤት ብዙ ብርጭቆ ሰብሬአለሁ። ብርጭቆ ቢሰበር ብርጭቆ ነው።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ።

ምንም አልተፈጠረም። አራት ስክሪን፣ አንድ ባትሪ። አልናገርም። እናገራለሁ። አልናገርም። እንቅልፍ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። 11 ሰዓት።

ዛሬ አንድ ሰው ብቻ። እትዬ አበበች። የእ.ዘ. ጎረቤት ናቸው፤ አንዷ መስጊድ አንዷ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅሬያቸው ግን አንድ ነው፤ ሰው ሲሞት አብረው ነው የሚያስቀብሩት። ሌሎቹ ቀሩ። ምነው አልፈሩም አልኳቸው። ስልክ አይናከስ አሉ፤ ደግሞ ነገ ሚካኤል ነው፣ ዱባይ ላለች ልጃቸው እንኳን አደረሰሽ ብለው መላክ ይፈልጋሉ።

ላኩ። በሁለተኛው ሙከራ። እጄን ከኋላዬ አድርጌ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ዝም ብለው ወደላይ ወደታች ሲያንሸራትቱ ይቺ ደግሞ የማን ናት አሉና አንዷን ነኩ።

«እማ፣ ጊደሯ ወለደች ወይ? ሴት ከሆነች እንዳትሸጧት። ስሟን እኔ ነኝ የማወጣላት።» ከዚያ ሳቅ። ከጀርባው ዕቃ ይንኳኳል። ቮይሱ አለቀ።

ረውዳ ናት።

መስከረም ላይ ማጭዷን ያስተማርኩ ዕለት ሁሉም ለአጠገባቸው ሰው አንድ አንድ ቮይስ እንዲያስተላልፉ አድርጌ ነበር። ለልምምድ። እ.ዘ. ብዙ ፈልገው፣ ሰው ቢሰማው የማያሳፍር ብለው ይቺን መርጠው ለእትዬ አበበች ሰደዱ። ተላከ ሲል ሳጥኑ ላይ ሆነው አጨበጨቡ። እኔ ረስቼዋለሁ። እሳቸውም ረስተውታል። ስልኩ አልረሳም።

እትዬ አበበች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ይኸው እኮ አለች!» አሉ። አሁኑኑ ማጭዷን ልንካላት ወይ?

እስከ ነገ ይቆዩኝ አልኳቸው። ለምን አሉኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። እንዲሁ ወጣ፣ ሳላስበው፤ ለእሳቸው፣ እዚያው እንደቆምኩ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንግዲያው ለእኔ ሳይሆን ለሷ ነው የሚነገረው አሉ።

ያው ቀን። 11 ሰዓት ተኩል።

ሰይድ ሰምቶናል፤ ግድግዳው ጣውላ ነው። ዕድልሽ ነው አለኝ። ይላኩላቸውና ይለቅ። እሳቸውም አገኙ፣ አንቺም ዳንሽ።

ልክ ይመስላል። አሰብኩት። ቮይሷ ትመለስላቸዋለች፤ እጃቸው ግን ጥፋተኛ እንደሆነ ይቀራል። ስልኩ ከቆጥ አይወርድም። ረውዳ ነገ ብትልክ ማን ይከፍተዋል? ባላቸው ሱቅ ያመጡታል፣ ስፒከር ላይ።

ነገ ጠዋት አልገባም አልኩት። ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ገበያ ላይ ከተወራብህ እኔ እወጣልሃለሁ፣ ከድጃ ዘንድ ቦታ አለኝ አልኩት። ይህን ያህል ቃል በአንዴ ተናግሬው አላውቅም። ሰይድ አንድ ስልክ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ሱቁን እኔ እጠርጋለሁ» አለ።

ደክሞኛል። ግን ይኸኛው ድካም ሌላ ነው፣ ልዩነቱን መጻፍ አልችልበትም።

ነገ ዓርብ ነው። 12 ሰዓት ላይ ተነስቼ በወግዲ መንገድ እሄዳለሁ። ከሶላታቸው በፊት እደርሳለሁ። ስለተገኘችው ቮይስ ከመናገሬ በፊት ያኛውን እናገራለሁ፤ አለበለዚያ በደስታው መሀል ይጠፋል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የእርስዎ እጅ አይደለም፣ እትዬ ዘሀራ።

ስማቸውን ሙሉ ጻፍኩት።

ቢያባርሩኝ ልክ ናቸው፤ እመለሳለሁ። ካላባረሩኝ ስልኩ ከቆጡ ይወርዳል። እትዬ አበበች ከሚካኤል ሲመለሱ ማጭዷን ይነካሉ። ሲደርስ እትዬ ዘሀራ ራሳቸው ይከፍቱታል፤ እኔ ከበረቱ ወዲህ ሆኜ እጠብቃለሁ። ክፈችልኝ ብለው ቢዘረጉልኝም ከእጃቸው አልቀበልም።