ቅቤ ያልነካው ሽሮፕ፦ የአቶ ተክሌ ውብነህ የሕይወት ታሪክ

አቶ ተክሌ ውብነህ በጎንደር፣ በጭልጋ፣ ከአባታቸው ከአቶ ውብነህ አስረስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ባዩ ሰኔ 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በወጣትነታቸውም መተማ ወርደው የእጣን ዛፍ ቅርፊት እየፋቁ ሙጫ በመልቀም ኖሩ።

በ1972 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ገዳሪፍ ላይ ከወይዘሮ መዓዛ ሀብታሙ ጋር ትዳር መሥርተው በ1980 ዓ.ም. አትላንታ ገቡ፤ ራኬብንና አቤኔዘርንም እዚሁ ወለዱ። ኮንየርስ ከተማ ባለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዱ ሃያ አራት ዓመት ሠርተዋል። የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና አራት ጊዜ ወድቀው በአምስተኛው ነው ያለፉት። እሳቸው የጀመሩትን ነገር ማስተው ከባድ እንደነበር የምናውቅ እናውቃለን።

ጡረታ ሲወጡ ሊቶኒያ ከሚገኘው ቤታቸው ጀርባ ያሉትን ሰባት የሜፕል ዛፎች ማጥናት ያዙ። ከግንዱ የሚወጣው ውኃ ሲፈላ ጣፋጭ ሽሮፕ እንደሚሆን፣ ጥበቡም ከአገሩ ነባር ሕዝቦች የወረደ መሆኑን ከመጽሐፍ አነበቡ። ይህ የሰሜኖቹ ሥራ ነው፣ ጆርጂያ ሞቃት ነው ያላቸው ብዙ ነበር። እሳቸው ግን መፋቂያ ይዘው ወጡና እንደ መተማው እጣን ቅርፊቱን ፋቁት። ሳምንት ቢጠብቁ ጠብ የሚል ጠፋ። ጎረቤታቸው የወሎው አቶ መንሱር መጥተው አዩና፣ «ወንድሜ፣ ላጨኸው እንጂ አላለብከውም» ብለው ሳቁባቸው። ስቀው ሲያበቁ መሰርሰሪያ ድሪላቸውን አምጥተው ግንዱን በሱት።

ነገሩ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ግንዱ ሲቀዘቅዝ ውኃ ይስባል፤ ሲሞቅ ደግሞ በትንሿ ቀዳዳ ገፍቶ ያወጣዋል። ስድሳ ሊትር ውኃ ቀኑን ሙሉ ፈልቶ አንድ ሊትር ሽሮፕ ቢወጣው ነው። አቶ ተክሌ ይህን ሁሉ በደብተር እየመዘገቡ ዓመታት ለፉ፤ በጥር 2014 ዓ.ም. ተሳካላቸው።

ሁዳዴ ሲገባ ሽሮፑን በኩራት ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። የዛፍ ውኃ ነው፣ ጾም ነው ብለው ለሕፃን ለሽማግሌው በዳቦ አቀመሱ። በሦስተኛው ሳምንት እራት ላይ ራኬብ ቀና አለችና፣ «አባዬ፣ ሲፈላ በተር አድ አድርገህበት የለም እንዴ?» አለቻቸው። እውነቷን ነበር። አረፋው እንዳይገነፍል ጥቂት ቅቤ ጣል አድርጉበት የሚለውን መጽሐፍ ተከትለው፣ ጥር ፍስክ ነውና ልብ ሳይሉት ጨምረዋል። አቶ ተክሌ እራታቸውን አልጨረሱም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምእመናን ፊት ቆሙ። «ያ ሽሮፕ ቅቤ ነክቶታል። ያስገደፍኳችሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱም አኮረፈ። የንስሐ አባታቸው ሳያውቁ ያደረጉት ነው ብለው የሰባት ቀን ስግደት አዘዙ። ለእሳቸው ግን ሰባት ቀን አልበቃም። ቅቤ ያልነካው ሽሮፕ ለዚህ ጉባኤ ሳላቀርብ አልሞትም አሉ፤ ወይዘሮ መዓዛ ስለ ሞት አታውራ ቢሏቸውም አልሰሙም።

በተከታዩ ዓመት ውርጩ ሳይበረታ አለፈ። በ2016 ዓ.ም. ሙቀቱ ቀድሞ ዛፉ ስላቆጠቆጠ ሽሮፑ መረረ፤ ደፉት። በ2017 ዓ.ም. ልባቸው ታሞ ጥርን በሆስፒታል አሳለፉ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ይቅርብዎት ብለን ለምነናል። ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል።

ዘንድሮ ጥር ላይ ውርጩ ወረደ። አቶ ተክሌ መቆም አቅቷቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው ጓሮ ተቀመጡ፤ አቤኔዘር ሲሰረስር ከአሮጌው ቀዳዳ ራቅ በል፣ የዛፉ ቁስል ይዳን እያሉ ያዝዙት ነበር። አረፋው ሲነሣ ወይዘሮ መዓዛ አቶ ተክሌ እያዩ በቅቤው ፈንታ የሱፍ ዘይት ጠብ አደረጉበት። አራት ጠርሙስ ወጣው። ቅመሱ ሲባሉ ጉባኤው ሳይቀምስ አልቀምስም አሉ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሁዳዴ በገባ በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድም ያህል የሆኗቸውን አቶ መንሱርን ትተውልናል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ።

ከቀብር መልስ በአዳራሹ ዳቦ ስትቆርሱ አራቱ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። በአደራቸው መሠረት እንናገራለን፦ ጾም ነው፤ ቅመሱላቸው።